ለጓሳም ለኮብልስቶኑም

ሞተር ልገዛ ነው ብዬ ከአፌ ካወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በስምንት ወር ውስጥ ያገኘሁት ምክር ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ጠላ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ ሞተር ያውቃል። አንዱ "ቦክሰር ግዛና ተገላገል" ይለኛል። ሌላው "ቦክሰርማ እህል መጫኛ ናት፣ አፓቼ ነው እንጂ!" ብሎ ይነሳበታል። ነድቶ የማያውቀው ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይጮኻል። ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ።

የምፈልገው ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ልጆቹ ትምህርት ቤት፤ ኮብልስቶን፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ የትራፊክ ፊሽካ። በወር አንዴ መሐል ሜዳ እናቴ ዘንድ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ዓለም ከተማ፣ የባለቤቴ ወላጆች ዘንድ፤ በለሚ ወርዶ፣ ጀማን ተሻግሮ፣ መርሐቤቴ መውጣት ነው። ለሦስቱም አንዲት ሞተር። ይኼን ስናገር ሰዉ ሁሉ እንደ ሙሽራ መራጭ ያየኛል።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ ሦስት ገበያ አይቶ ነበር። ጥርሷን ይገልጣል፣ ሰኮናዋን ያነሳል፣ ዓይኗ ፊት እጁን ያወናጭፋል፣ አለቀ። "ለከተማ ነው ለገጠር?" ብሎ የጠየቀው የለም። ያችው በቅሎ ገበያ ትወጣለች፣ ልቅሶ ትደርሳለች፣ ገደል ትወርዳለች፤ ቀለቧም ጭድ ነው። እናቴ እስካሁን "ምነው ልጄ፣ በቅሎ ብትገዛ" ትለኛለች። በቅሎ ተቀምጬ መሥሪያ ቤት ስገባ ይታየኝና እስቃለሁ። ቢያንስ ሊብሬና ቦሎ የሚጠይቀኝ አይኖርም ነበር።

ሻጮቹ መጀመሪያ የሚነግሩህ ጉልበቷን ነው። 150ዋ ቦክሰር ወረቀቷ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እውነት ነው። እነዚያ ፈረሶች የተቆጠሩት ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። 3 ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ መሐል ሜዳ ከ3 ሺህ በላይ ናት፣ ጓሳ ደግሞ እስከ 3 ሺህ 700 ይደርሳል። ሞተርም እንደ እኛው ያንኑ ስስ አየር ነው የምትተነፍሰው። ስለዚህ ከ12ቱ ፈረሶች ሦስት አራቱ ጣርማ በር ላይ ወርደው ይቀራሉ። የቀሩት ስምንቱ እኔን፣ ባለቤቴን፣ ለእናቴ የተጫነውን ስኳርና ዘይት፣ ሲመለሱም አንድ በግ ይጎትታሉ። ባለፈው ዓመት የጓደኛዬን ሞተር ተውሼ ጓሳ ዳገት ላይ ወርጄ ስገፋ ጭላዳዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው ተቀምጠው አዩኝ። እንዲያ በትዕግሥት ያየኝ ፍጡር የለም።

ጣጣው በጉልበት አያበቃም። ካርቡሬተር ቤንዚን የሚቀዳው አንዴ በተስተካከለበት ልክ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሯ እንደ ቆሎ ተማሪ እያሳላት ዳገቱን ትወጣለች። ለጓሳ ብለህ ያሳነስክላት እንደሆነ ደግሞ ጀማ በረሃ ስትወርድ ቤንዚን ያጥራትና ትግላለች። "ኢንጀክሽን ያላትን ግዛ፣ ራሷ ትመጥናለች" ይሉሃል። ትመጥናለች፣ እስክትታመም ድረስ። መሐል ሜዳ ያለው መካኒክ ካርቡሬተርን በአፉ እፍ ብሎ፣ በሽቦ ጎርጉሮ ያድናል፤ ሴንሰር ስትለው ግን "እሱን አዲስ አበባ ውሰደው" ነው መልሱ። እንዴት አድርጌ? ተሸክሜው?

ሌላው መድኃኒት "ጥርሱን ቀይረው" የሚለው ነው። የኋላው ጥርስ ከፍ ሲል ዳገቱን እየዘፈነች ትወጣዋለች። ታዲያ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ያለው አስፋልት ላይ አይሱዙ ከኋላ ክላክሱን ሲነፋ እሷ አራተኛ ማርሽ ላይ ጩኸቷን ታቀልጠዋለች፣ ፍጥነት ግን የለም። ጥርሱን ዝቅ ካደረግህ አስፋልቱ ይጥማል፣ ዳገቱ ይቀራል። ለአንድ ጉዞ ሁለት ጥርስ መያዝ አለብኝ ማለት ነው። ጣርማ በር ቆሜ በውርጭ ሰንሰለት ልፈታ!

ስለ ጭቃው ግን ማንም አልነገረኝ፤ ይኼ ነው ያናደደኝ። ሻጮቹ ስለ ቀለሟ፣ ስለ መብራቷ፣ ስልክ ቻርጅ ስለምታደርግበት ቀዳዳ ያወራሉ። ሐምሌ ላይ ዋልካ ረግጦ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ምን ያህል ይርቃል መሆን አለበት። የከተማ ሞተር ፓራፋንጎዋ ጎማው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ዋልካው ይገባል፣ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ የፊት ጎማው ቀጥ ይላል። አይዞርም። ወርደህ በእንጨት ትጎረጉራለህ፣ ሃያ ሜትር ትሄዳለህ፣ ደግመህ ትጎረጉራለህ። የመንዝ ልጆች መፍትሔ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ቤት መተው ነው። ያን ጊዜ ጎማው ይዞራል፣ ጭቃውም በቀጥታ ወደ አፍህ ይመጣል። ደረቱና ፊቱ በጭቃ የተለሰነ፣ ጥርሱ ብቻ የሚታይ ሰው ሞላሌ ገበያ ካየህ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሰላም በለው።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ጥርሰ ትልቁ ጎማ ጭቃውን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ ግን እንደ ሳሙና ነው። ለኮብልስቶኑ የሚሆነው ለስላሳው ጎማ ደግሞ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። በግማሽ ጥርስ የሚባል ለሁለቱም ይሆናል የተባለ አለ። ሞከርኩት፤ ሁለቱም ቦታ ወደቅሁ።

ድሮ ወረዳ ስሠራ የያዝኳት የመሥሪያ ቤት ሞተር ትዝ ትለኛለች። ያማሃ ዲቲ ነበረች። ከቤንዚኑ ጋር ዘይት የምትጠጣ፣ ሰማያዊ ጭሷ ሦስት ቀበሌ የሚሸት፣ ፓራፋንጎዋ ከጎማው ርቆ ከፍ ያለ፣ ቀላል፣ ወድቃ በአንድ እጅ የምትነሳ። ግሼ ራቤል ድረስ ወስዳ መልሳኛለች። ከተማ ውስጥ ግን ቁጭ ስል እግሬ መሬት የሚደርሰው በጣቶቹ ጫፍ ነበር፣ ድምጿም የጎረቤት ሕፃን ይቀሰቅሳል። ዛሬ ብፈልጋት መለዋወጫዋን የሚሸጥልኝ የለም። እነዚያን የመሰሉ ረጃጅም ሞተሮች አዳዲሶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ሦስት ቦክሰር ይገዛል፣ ባለቤቴም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎን ለመቀመጥ በርጩማ ይዛ መሄድ ሊኖርባት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ፈረንጆቹን ይጠቅስልኛል። "ቢኤምደብልዩ ጂኤስ ይዘው አፍሪካን ያቋርጡ የለም እንዴ?" ያቋርጣሉ። 250 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሞተር ናት። ጀማ ቁልቁለት ላይ ብትወድቅ ለማንሳት ደቦ መጥራት ነው፤ ደቦ ለጠራ ደግሞ ጠላ ማዘጋጀት የእሱ ነው።

ጀማን ካነሳሁ አይቀር፣ ከለሚ ቁልቁል ሲወረድ የሚሸተውን የፍሬን ሸራ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ርካሾቹ ሞተሮች ከፊትም ከኋላም ሸራ ናቸው፣ ዲስክ የላቸውም። በፍሬን ብቻ ከወረድህ ታች ስትደርስ መያዣው ባዶ ይሆናል። በሁለተኛ ማርሽ ይዞ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ ነው መውረድ። ጠዋት ከደጋ ሲነሱ የለበሱት በርኖስ ጀማ ድልድይ ላይ እሳት ይሆናል፤ አውልቀህ ከኋላ ታስረዋለህ፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ ሰንሰለት ይገባል። አማቼ የሰጡኝ በርኖስ እንደዚያ ነው የተቀደደው። እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ቤንዚን። ይኼን አጭር አደርገዋለሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2014 ላይ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ይኼ ማደያ ሲኖረው ነው። ሳይኖረው በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይቆማል፣ ዋጋውም እንደ ሻጩ ፊት ነው። ማደያ ሲኖረው ደግሞ "በቴሌብር ብቻ" ይልሃል፣ ቴሌብሩ ኔትወርክ ይልሃል፣ ኔትወርኩ ምንም አይልህም። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ እንደ ጸሎተኛ የቆምኩበት ቀን አለ። በዚህስ 11 ሊትር የሚይዘው የቦክሰር ሰልባትዮ ይመሰገናል፤ መሐል ሜዳ ደርሶ መልስ ይበቃል። "ኤሌክትሪኳን ግዛ" የሚለኝ የወንድሜ ልጅ መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ ባትሪም ውርጭ እንደማይወድ ረስቶታል። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው።

አዲስ አበባም የራሷ ነገር አላት። 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ለጉዳይ መሄድ አይቀርም። የከተማው አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ከለከለ፤ ኋላ ለተመዘገቡና ፈቃድ ላገኙ ተፈታ። እኔ የክልል ታርጋ ይዤ ለአንድ ቀን ጉዳይ ብቅ የምለው የትኛው ውስጥ ነኝ? በሩ ላይ አቁሞ በአውቶቡስ መግባት ነው። እዚህ ቤታችንም ቢሆን ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ለረጅም መንገድ የገዛኋት ሞተር ግቢ ቆማ ዶሮ ሊሰፍርባት ይችላል።

ይኼን ሁሉ ቆጥሬ ቆጥሬ ባለፈው ሳምንት ወደ አንድ መካኒክ ሄድኩ። ከተማውን፣ ጓሳን፣ ጀማን፣ እናቴን፣ አማቼን ዘረዘርኩለት። እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና "ጋሼ፣ እርስዎ ምን እንደሚፈልጉ ይተውት። እኔ ሱቅ ያለው የቦክሰር ዕቃ ነው" አለኝ። ፍሪሲዮን ሽቦ፣ ሸራ፣ ካንዴላ፣ ከመነዳሪ፤ መሐል ሜዳም እሱ፣ ዓለም ከተማም እሱ። ስምንት ወር ስከራከር የኖርኩት መደርደሪያው ላይ ተሰቅሎ ለተወሰነ ነገር ነው ለካ። ዳገት አትወድም፣ ጭቃ አትወድም፣ መልኳም አያምርም፤ ግን ስትሰበር የሚጠግናት አለ።

እሺ ብዬ ተሸነፍኩ። ብሬን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ዋጋ የሚባል ነገር አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ እኔ ሳማክር የከረምኩበት ጊዜም ዋጋው እየወጣ ነው የከረመው። ሻጩ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ። የያዝኩት ብር ሰልባትዮዋን፣ ሁለቱን ጎማዎችና ምናልባት ወንበሯን ይገዛል። ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ ሻይ አዘዘልኝ።

ቅዳሜ እናቴ ዘንድ የምሄደው በሚኒባስ ነው። የኋላ ወንበር፣ ለሦስት በተሠራ ቦታ አምስተኛ ሆኜ፣ የማላውቃት ሴት ዶሮ ጉልበቴ ላይ። ረዳቱ ሞተር ነበረችው፣ ሸጣት ሲባል ሰምቻለሁ። የትኛዋ እንደነበረች እጠይቀዋለሁ።