አረንጓዴው ሌባና እኔ

ይኸ ሁሉ ልጅ ታኅሣሥ 29 ቀን አንድ አረንጓዴ ጠጉራም ፍጡር ላይ አፍጥጦ ይዋል? አዝመራው ተነሥቷል፤ ሜዳው ሩር የሚመታበት ሰው አጥቶ ተኝቷል። በእኛ ጊዜ ቆልማማ ዱላ ፍለጋ ጫካ የምንገባው በዓሉ ሳይደርስ ነበር። በጨዋታው ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢያቀምሰው ቁጣ የለም። ዛሬ «ውጡና ተጫወቱ» ስል «አባባ፣ ይበርዳል» ይሉኛል። የመካነ ሰላም ብርድ ትናንት የመጣ ይመስል!

ፍጡሩ ግሪንች ይባላል። ዩኒቨርሲቲ የገባው የልጅ ልጄ ነው በፍላሽ ያመጣው። አሜሪካ በቴሌቪዥን መጀመሪያ የታየው ታኅሣሥ 9 ቀን 1959 ነው አሉ፤ ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ ቶምና ጄሪንም የሠራ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ባለቀ ቁጥር ግን ከመጀመሪያው ይከፍቱታል።

ታሪኩስ ምንድን ነው? ተራራ ላይ ብቻውን የሚኖር፣ የበዓል ጫጫታ ጆሮውን የበጠሰው ነጭናጫ። እስከዚህ ምን ጥፋት አለበት? ከዚያ የውሻው አናት ላይ አንድ ቀንድ አስሮ፣ አጋዘን ነህ ብሎ፣ ያን የሚያህል የበረዶ ጋሪ ያስጎትተዋል። ለቡና የመጡት ጎረቤቴ ሐጂ ሳይቀሩ «እስኪ ውሻው ጋ መልሱት» ይላሉ።

ሌሊት መንደር ገብቶ ስጦታውንም ምግቡንም ሙልጭ አድርጎ ይዘርፋል። ሲነጋ ለቅሶ ይሰማል ብሎ ጆሮውን ቢያቆም፣ መንደርተኛው እጅ ለእጅ ተያይዞ ይዘምራል! እዚህ ላይ አልስማማም። እኛ ሰፈር የገና ዕለት የዶሮው ድስት ቢሰረቅ እሪታው ደንቆሮ ጫካ ይሰማል፤ ሳይረፍድም አውጫጭኝ እንቀመጣለን።

የራሳችን ነገር ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ነበሩ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥን ከተጀመረ አንሥቶ አራዊቱን ሁሉ በአንድ ጉሮሮ እያናገሩ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነገሩ። በ2009 ዐረፉ። ከዚያ ሁሉ ተረት አንዱን በሥዕል አንቀሳቅሶ የገና ዕለት የሚያሳየን ሰው ይጥፋ? በእኔ ግምት ልጅን የሚይዘው ደጉ አይደለም፤ ጦጣዋ ባትሰርቅ ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል? ግሪንችም ያስቀመጣቸው በሌብነቱ ነው። ልቡ ሦስት እጥፍ የምታድግበት ቦታ ሲደርስማ ትንንሾቹ ዳቦ ፍለጋ ይነሣሉ፤ እኔና ሐጂ ብቻ እንቀራለን።

ዘንድሮ ትንሿ ፊቴን አየት፣ ቴሌቪዥኑን አየት አድርጋ «አባባ፣ አንቱ እኮ ግሪንችን ይመስላሉ» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሐጂም ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ይሁን። ግን እሱ ያን ሁሉ ንብረት ዘርፎ ሲመልስ፣ ማዕድ ላይ አስቀምጠው ጥብሱን ቁረጥ ብለው ቢላዋ ሰጡት። እኔ ክር እንኳ ሳልሰርቅ፣ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል» ተብዬ ዶሮውን ያረደው አማቼ ነው።