ግመልና ገመድ

ተረት ተረት። የላም በረት።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ራሳቸው በሚነግዱበት ጊዜ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከዳሎል ምድር አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ መቀሌ የሚወጣ የግመሎች ቅፍለት ነበር። መሪው አያ ዝሆን ነው። የፊተኛዋን ግመል ገመድ በኩምቢው ይይዛል፤ የሁለተኛዋ ገመድ ከፊተኛዋ ጭራ፣ የሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ ጭራ እየታሰረ እስከ መጨረሻዋ ይዘልቃል።

መንገዱ አቀበት ነውና ግመል መድከሟ አይቀርም። የደከመችውን ከመስመር ለማውጣት የቅፍለቱ ጸሐፊ እመት ጦጢት ሕግ ጻፈች፦ «ከፊቷ ያለችውን ግመል ፈልጉ፤ የኋለኛዋን ገመድ ከዚያች ጭራ እሰሩ።» ሕጉ ብዙ ጊዜ ሠራ።

አንድ ቀን ግን የደከመችው ፊተኛዋ ሆነች። አሳሪው አያ ጅቦ ሕግ አክባሪ ነበርና ከፊቷ ያለችውን ግመል ፈለገ፤ አጣ። ዞር ቢል ያገኘው ጭራ የአያ ዝሆን ጭራ ነው። ወስዶ እዚያው አሰረው። አያ ዝሆን ጭራውን ማን እንደሚጎትተው ሊያይ ሲዞር፣ መስመሩም አብሮት ሲዞር፣ ገመዱ እግሩን ተበትቦት አሞሌው ረገፈ።

እመት ጦጢት ብዕሯን አነሳች፦ «የደከመችው ፊተኛዋ ከሆነች ግን፣ ገመዱ ለኩምቢ ይሰጥ።» ፊተኛ መሆን አለመሆኗን የሚመረምር አህያም ተሾመ። ከዚያ «ሌሊት ከሆነ ግን»፣ «ሁለቱ አብረው ከደከሙ ግን» እየተባለ በየ«ግን»ው አንድ ሹም፣ ለየሹሙ አንድ አሞሌ ተመደበ። መጽሐፉ ወፍሮ ወፍሮ ራሱን የቻለ የግመል ጭነት ሆነ። ለሕግ ክብር ሲባልም የተሸከመችው ግመል ከሁሉ ፊት ተደረገች።

በርሃሌን እንዳለፉ ያቺው ግመል ደክማ ተኛች፤ መጽሐፉም ከሥሯ ዋለ። ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ገጽ ከሆዷ በታች ነው። ሰማዩ ጠቆረ። ጨው ደግሞ ዝናብ አይችልም። ሹሞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ያኔ እመት አይጢት ከአንድ ቋጠሮ ውስጥ ብቅ አለች።

«ጌቶቼ፣ ወደ እሷ የሚመጣው ገመድ የቱ ነው?»

«በኩምቢዬ ያለው» አለ አያ ዝሆን።

«እንግዲያው እሱን ከእሷ ፈትታችሁ ለኋለኛዋ እሰሩላታ!»

አህያው ተቆጣ። «ፊተኛ ትሁን አትሁን መጀመሪያ ይመርመር እንጂ!»

«ምን ያደርግላችኋል? እናንተ ግመል ታያላችሁ፤ እኔ የጥርሴ ነገር ሆኖ የሚታየኝ ገመድ ነው። ጭራ ይያዘው ኩምቢ፣ ገመድ ገመድ ነው።»

አሰሩ፤ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። በማግስቱ ከመካከል አንዷ ደከመች፤ ያው ቃል ሠራ። ሦስተኛው ቀን የመጨረሻዋ ደከመች፤ ከኋላዋ ማንም የለምና ገመዱ ባዶውን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ያም ልክ ነበር።

እመት ጦጢት ግን ቅር አላት። «ያን ሁሉ መጽሐፌን ማሳጠርሽ ነው?»

«እመቤቴ፣ ማሳጠርማ ምን ይገዳል? ለአንድ ሌሊት ብትተዉኝ ግማሹን ቆርጥሜው አድር ነበር። ‹ግኖቹ› ግን በየመንገዱ ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል።»

ጨው ሳይሟሟ መቀሌ ገባ። አህያውም ሹመቱ ቀርቶ እንደ ሌላው አሞሌ ተጫነ፤ አቀበቱን ሲወጣ «ፊተኛ ናት ወይስ አይደለችም?» እያለ ያጉረመርም ነበር ይባላል። የመለሰለት የለም።

ፍቺው ከኮድ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2016 በቴድ መድረክ «ጥሩ ጣዕም» ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ እንደ ቅፍለት አንዱ ከአንዱ ከተያያዘ ዝርዝር ውስጥ አንድ አባል የሚያወጣ ኮድ በሁለት መልክ አሳየ። አንደኛው አባሉን ያያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ለይቶ የሚጠይቅ «ኢፍ» ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ወደ አባሉ የሚያመለክተውን ፖይንተር ያያል፤ የዝርዝሩ ራስ ይያዘው ሌላ አባል፣ ፖይንተር ፖይንተር ነውና «ኢፉ» የሚጠይቀው አጥቶ ይቀራል። የጨውም የኮድም ጣዕም ሳይቀምሱት አይታወቅም፤ ኮድ የሚቀመሰው ደግሞ ፊተኛዋ ግመል የደከመች ቀን ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።