የእጅ ሥራ ስጦታ ይወገድልን

ወልድያ ስታዲየም በስጦታ የተቀበለች ከተማ ናት። ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ያስገነቡትና በስማቸው የሚጠራው ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ20,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ ሆኖ ነው የተሠራው። ስጦታ ማለት ምን እንደሆነ እንዲህ በዓይኑ ባየ ሕዝብ መካከል፣ ዛሬም ሙልሙል ዳቦ በነጠላ ጫፍ ጠቅልሎ "እንኳን አደረሳችሁ" እያለ በር የሚያንኳኳ ሰው አልጠፋም። ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ብዙ ታግሻለሁ። ሰፌድ አመጡ፣ ዝም አልሁ። ጋቢ አመጡ፣ ዝም ብዬ ለበስሁ። ሽሮው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ የአራስ አጥሚቱ መጣ። ከሀብሩ የማሽላ እሸትና ጥንቅሽ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወረደልኝ፤ እሸቱን ጠበስሁ፣ ጥንቅሹንም ሰው እንዳያየኝ ጓሮ ዞሬ መጠጥሁ። አሁን ግን በዛ። የከተማችን ክብር ነውና የልቤን ልናገር።

ባለፈው ጥር የዘመድ ሠርግ ነበረን። እንደ ደንቡ ድንኳኑ በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ደብተር፣ ደብተሩ ላይ ጽሕፈቱ ያማረ ጎልማሳ ተደፍቷል። ስም፣ አገር፣ የብሩ ልክ። ሰልፉ ጥሩ አድርጎ ይሄዳል። 500። 1,000። የብርጭቆ ስብስብ ከነካርቶኑ። የግድግዳ ሰዓት፣ ዙሪያው ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ። እንዲህ በሥርዓት እየሄደ ሳለ ከመርሳ በማለዳ መኪና የመጡት አክስቴ ደረሱና ከነጠላቸው ሥር ሰፌድ አወጡ። ቀይና አረንጓዴ አለላ ገብቶበታል።

መዝጋቢው ብዕሩን ከደብተሩ አነሣ።

"እትዬ፣ ይኼን በስንት ብር ልጻፍልዎ?"

"በስንት ብር ማለት?"

"ደብተሩ የሚቀበለው ቁጥር ነው።"

"እንግዲያ ጻፍ ልጄ። ስንደዶውን በመስከረም ራሴ ነኝ የለቀምሁት። አክርማውን እህቴ ናት የሰደደችልኝ። መስፋት የጀመርሁት ደግሞ…"

"እትዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። የገዙት ነገር የለም?"

አክስቴ አሰቡ። "ቀለሙን ገዝቻለሁ። የ50 ብር ቀለም።"

የመዝጋቢው ፊት በራ። ጻፈ፦ ሰፌድ፣ ከመርሳ፣ 50 ብር።

መዝጋቢውን የሚወቅሱ ይኖራሉ። እኔ ግን እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ሒሳብ ማለት ይኼ ነው። ከሱቅ የወጣው ተቆጠረ፤ ከእጅ የወጣው ቀረ። አራት ወር ሙሉ ያለቀው ዓይን ደረሰኝ የለውም፣ ደረሰኝ የሌለው ደግሞ አልተከፈለም።

ለመሆኑ ሰፌድ ሲሰፋ አይታችኋል? እኔ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ የምቃወመውም ስላየሁ ነው። አክርማው መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ካልራሰ ይሰበራል። ስንደዶው ጥቂት ጥቂት እየተያዘ ውስጥ ልብ ይሆናል፣ አክርማው ዙሪያውን ይጠመጠምበታል። ወስፌ የታችኛውን ዙር ይወጋል፣ አክርማው በቀዳዳው ይገባል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል። እንደገና ይወጋል። መሐል አካባቢ ዙሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ የሄደ ይመስላል፤ ወደ ጠርዙ ሲቃረብ ግን አንዱን ዙር ለመግጠም ቡና ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ በረካው ወርዶ ያልቃል፣ ዙሩ ገና አልገጠመም። የአክስቴ የግራ አውራ ጣት ላይ ወስፌ ያበጀው ጠባሳ አለ። ጋቢውም ያው ነው፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት በልቃቂት ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ሸማኔ ቤት ገብቶ አራት ድርብ ሆኖ እስኪወጣ ክረምቱ አልፏል። ይኼ ሁሉ ልፋት ምን ለማለት ነው? "አስቤሃለሁ" ለማለት። በስልክ የግማሽ ደቂቃ ነገር!

በአንጻሩ የብርጭቆ ስብስብን ተመልከቱ። ስድስት ብርጭቆ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ የብርቱካን ጭማቂ ይዛ ትስቃለች፤ የመርሳን ብርቱካን ሳትቀምስ እንዲህ ከሳቀች ብትቀምስ ምን ልትሆን ነበር እላለሁ ሳያት። ይህን ካርቶን እኔ ራሴ ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት ገዝቼ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሠርግ ሰጠሁ። እሱ ለእህቱ ልጅ ምርቃት ሰጠ። ተመራቂዋ አከራይዋ ቤት ሲያስመርቁ ይዛ ሄደች። አከራይዋ ለጎረቤታቸው አራስ። አምና ልጄን ክርስትና ሳስነሣ፣ ካርቶኑ ብልጭልጭ ወረቀት ለብሶ በገዛ በሬ ገባ። ከሥሩ በእስክሪብቶ የሞነጫጨርሁትን ዋጋ አይቼ ነው ያወቅሁት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እንዲህ ነው። ወረቀቱ ብቻ አራት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት የስጦታ ወረቀት ከመምጣቱ በፊት የተተረተ መሆን አለበት።

አምስት ቤት ያስደሰተ አንድ ካርቶን! ሰፌድ ይህን ያደርጋል? አያደርግም። ሰፌድ የገባበት ቤት፣ የገባ ዕለት ቡና ይለቀምበታል፣ በማግሥቱ እህል ይበጠርበታል፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ፊት የለውም። ጋቢማ ከሁሉ ይብሳል። ሰውየው እፊታችሁ ይለብሰዋል፣ ይተኛበታል፣ "ሞቆኝ አደረ" ይላል። አበቃ፤ ስጦታው ሞተ።

ወጪውንም ቢሆን አያችሁት። የእጅ ሥራ ስጦታ ትልቁ ነውሩ ርካሽ መሆኑ ነው። ደህና ወዳጅ ስጦታው ሲጎዳው መታየት አለበት። አንድ የማውቀው ሰው የእቁብ ዕጣው ሳይደርስ እግር ስሞ ወስዶ ለአለቃው ልጅ ሠርግ የቡፌ ዕቃ ገዛ። እሱ እስከ ፋሲካ ሽሮ በላ፤ አለቃው ግን በካርቶኑ ትልቅነት ተደነቁ። ስሙ ደብተሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አራተኛ ነው።

ምርቃት ላይማ ከተማችን ተስፋ ሰጪ ናት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ምርቃት በመጣ ቁጥር መንገዱ አበባ በአበባ ይሆናል፤ ፕላስቲክ አበባ። አገራችን በአበባ ላኪነት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ጽጌረዳውን በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ እንልካለን፣ ፕላስቲኩን በመርከብ ከቻይና እናመጣለን፤ ንግድ ማለት ልውውጥ ነው። ታዲያ አባት ከሀብሩ ገጠር ሌሊት ተነሥቶ፣ የመርሳ ማንጎና እናት የቆላችውን ገብስ በአገልግል ይዞ ይመጣል። ፎቶ አንሺው ብልህ ነው፦ "አባባ፣ እሱን ወደ ጎን ያድርጉልኝ፤ አበባውን ይያዙ።" አባት ዕድሜ ልኩን ይዞት የማያውቀውን አበባ እንደ ችቦ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አገልግሉ ከፎቶው ውጭ ይቀራል። ቆሎውን ግን ፎቶ አንሺውም ዘገነ፤ አይቻለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እንቁጣጣሽ ላይ ወንዶች ልጆች ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞሩ የለ? አሁን ለዚህም የታተመ ካርድ መጥቷል፤ መልአኩ ሁለቱም ክንፉ እኩል ነው፣ ፊደሉ መስመር አይስትም፣ ከሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ስለሚመጣ ማንም አይቀናም። ዘንድሮ ግን የጎረቤቴ ልጅ ከደብተሩ መሐል በተገነጠለ ወረቀት ላይ በእጁ የሣላትን አደይ አበባ ይዞብኝ መጣ። "እንኳን አደረሰዎ" የሚለው ቦታ አንሶት "ዎ" ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላለች። አበባዋ ደግሞ 13 ቅጠል አላት፤ ቆጠርሁ።

"ይኼ ሁሉ ቅጠል ለምንድን ነው?" አልሁት።

"ቢጫው እርሳስ አላለቀም ነበር ጋሼ።"

ይኸው ነው ችግሩ። የእጅ ሥራ ልክ የለውም። ማተሚያ ቤት ቢሆን ቅጠሉን ስምንት ላይ ያቆመው ነበር። ሥዕሏን ለጊዜው ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ሰዓቱ የተሰቀለበት ቦታ ነበር፣ ሰዓቱ ባትሪ ጨርሶ ነው።

ቡሄ ግን እየዳነ ነው። ሆያ ሆዬ ባዮች ሙልሙል ሲሰጧቸው ፊታቸውን እያጨፈገጉ ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቁጥራቸውን የሚነግሩም አጋጥመውኛል። ዳቦ መጋገር፣ በኮባ መጠቅለል፣ ጭስ መታገል ሁሉ ቀረ። የልጆቹ ዱላ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም ወደፊት መተግበሪያ ይተካዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ጊዜ ክፉኛ ወደ ኋላ ተመልሰን ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ወራት። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ቆሟል። ያን ጊዜ ስጦታ ተበላሸ። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ አንድ ጣሳ ዱቄት፣ ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ጨው፣ ከሙስሊም ጎረቤታችን ቤት ማታ በአጥር በኩል የሚያልፍ ትኩስ ቂጣ። በእነዚያ ወራት አንድም ሰው የብርጭቆ ስብስብ አላመጣልኝም። ካርቶን ይዤ ልሂድ ያለም አልሰማሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደብተር የያዘ ሰው አልነበረም፤ ማን ምን እንዳመጣ፣ በስንት ብር እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ እስከ ዛሬ የስንቱ ዕዳ እንዳለብኝ አላውቅም፣ ከፍዬም አልጨርስም።

ለነገሩ ሰፌድን ጨርሶ ይጥፋ አላልሁም። ወደ ላሊበላ የሚሄደው ፈረንጅ በከተማችን ያልፋል፤ ይግዛው። እሱ ሲገዛው ባህል ነው፣ ዋጋውም እንደ ባህሉ ነው። አክስቴ ሲሰጡት ነው ድህነት የሚሆነው። ይህ ልዩነት ያልገባቸው ሰዎች ከተማ ባይመጡ ምን ነበረበት?

በቅርቡ ሙሽሮቹን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሙሽሪት ቆሎ አቀረበችልኝ፤ በአክስቴ ሰፌድ። አለላው ከወዲሁ መደብዘዝ ጀምሯል፣ ጠርዙ ላይ የበርበሬ ምልክት አለ። እንዳልሁት ነው፤ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ውሃ ስጠይቅ አልጋው ሥር የተደረደሩትን ሰባት የብርጭቆ ካርቶኖች ተሻግራ በፕላስቲክ ኩባያ አመጣችልኝ። አስተዳደግ ማለት ይኼ ነው፤ የሌላ ሰው ስጦታ ከፍቶ መጠጣት ነውር መሆኑን ታውቃለች።

ከፋሲካ በኋላ ለምትደግሱ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ የእኔ ካርቶን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ወረቀቱንም ሰሞኑን አስቀይሬዋለሁ። ትንሽ ሲነቀነቅ ይንሿሿል፤ ከስድስቱ አንዱ በአንዱ ቤት ሳይሰበር አልቀረም፣ ከፍቶ ያየ ስለሌለ አይታወቅም። ይዤላችሁ ስመጣ ከሥር ደግፋችሁ ተቀበሉኝ፤ መዝጋቢያችሁም ሳያንቀሳቅሰው ይጻፍልኝ።