በአርባዎቹ ዕድሜ ዘንዶ መግደል

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ሆኖ፣ ያላዩትን ዋሻ ሲያስሱ፣ የሌለ ጭራቅ ሲገድሉና የማይመነዘር ወርቅ ሲካፈሉ የሚያመሹበት መዝናኛ ነው። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ይሆናል፤ ዋሻውን የሚፈጥር፣ ጭራቁን የሚያስነሣ፣ ደንቡንም የሚተረጉም እሱ ነው። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይፈርዳል። ጨዋታው ዕድሜ አይለይም። ይሁንና ሙሉ ፍሬውን የሚያፈራው በልጆች ላይ ሳይሆን፣ የቤት ብድሩን ግማሽ ከፍሎ፣ የኮሌስትሮል ምርመራ ውጤቱን በኪሱ ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰይፍ በሚታጠቅ ጎልማሳ ላይ ነው።

የመስኩ አንጋፋ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የደረሱት ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ላይ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኒቫ ከምትባል ትንሽ ከተማ ለገበያ ወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ሲሆን፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ይዞ በ10 ዶላር ይሸጥ ነበር። ጋይጋክስ ቀደም ሲል የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር፤ አደጋን በሠንጠረዥ መዝኖ ዓረቦን ሲወስን የኖረ። ያን ሥራ ካጣ በኋላም በቤቱ ጫማ እየጠገነ ነበር ኑሮውን የሚደጉም። የጨዋታው ጠባይ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ባለቅኔ ፈጥሮት ቢሆን ዘንዶው እሳት ይተፋ ነበር፤ ነገሩም በዚያ ያበቃ ነበር። የኢንሹራንስ ሰው ስለፈጠረው ግን እሳቱ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ስንት ነጥብ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ጉዳቱንም በግማሽ ለማስቀነስ በዳይስ ስንት መምጣት እንዳለበት ተጽፎ ይገኛል። በ5ኛው እትም የአንድ ጎልማሳ ቀይ ዘንዶ እሳት 60 ጫማ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የቆመ ሰው ደንቡን ጠቅሶ ሳይነካ ሊቆም ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሠንጠረዥ ሲሞላ የዋለ የቢሮ ሠራተኛ ማታ ከሠንጠረዥ ሸሽቶ ወደዚህ ቢመጣ ባይተዋርነት የማይሰማው ለዚህ ነው።

ጨዋታው ስለ ዕድሜ ግልጽ አቋም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 3ኛው እትም የሰው ጎልማሳነት በ35 ዓመት እንደሚጀምር ደንግጓል። 35 የሞላው ገጸ ባሕርይ ከጉልበቱ፣ ከቅልጥፍናውና ከጤንነቱ አንድ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል፤ በአንጻሩ በዕውቀት፣ በጥበብና በግርማ ሞገስ አንድ አንድ ይጨመርለታል። ጋይጋክስ ራሱ ጨዋታው ለገበያ በወጣበት ወር የ35 ዓመት ሰው ስለነበር፣ ደንቡ ወደ ኋላ ቢሠራ ፈጣሪውም ከቅናሹ አያመልጥም ነበር። በዛሬው ጀማሪ ላይ የድንጋጌው የመጀመሪያ አጋማሽ ያለ ክርክር ይጸናል፤ ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ የሚያሰማው ድምፅ በቂ ምስክር ነው። የጥበቡ ጭማሪ ግን በባንክ ሒሳብ መግለጫው ላይ ገና አልታየም። በዘንዶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘንዶ ባረጀ ቁጥር ይገዝፋል፣ ይጠነክራል። በዚያ ዓለም ዕድሜ ጠግቦ የሚፈራና የሚከበር ፍጡር ዘንዶ ነው፤ ጎልማሳው ግን የሚሰለፈው ከገዳዮቹ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 5ኛው እትም የእርጅናውን ቅናሽ ትቶታል። አዘጋጆቹ መጽሐፉን የሚገዛው ማን እንደሆነ የገባቸው ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የጀብዱው የመጀመሪያ ምዕራፍ ግዢ ነው። በ5ኛው እትም መሠረታዊ የሚባሉት መጻሕፍት ሦስት ናቸው፦ የተጫዋቹ መመሪያ፣ የመሪው መመሪያና የጭራቆች መዝገብ። ሦስቱ ሲደመሩ 992 ገጽ ይሆናሉ፤ የእያንዳንዳቸው የሽፋን ዋጋም 49.95 ዶላር ነበር። አሳታሚው መነሻ ደንቡን በኢንተርኔት በነጻ ለቋል። ነገር ግን በነጻ በተገኘ ደንብ ዘንዶ ይሞታል ብሎ የሚያምን ጎልማሳ አይገኝም። የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኛው መጽሐፍ ተውሶ፣ ግማሹን ሳያነብ፣ በዚያው ማታ መጫወት ይጀምራል። ጎልማሳው መጀመሪያ ይዘጋጃል፤ መደርደሪያ ያሠራል፣ ካርታ ያሳትማል፣ የአውራ ጣት የምታህል የጦረኛ ምስል ገዝቶ በአጉሊ መነጽር የጢሟን ቀለም ይቀባል። ከመጫወት በቀር ለመጫወት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላል።

የዳይሱ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አንድ ስብስብ ሰባት ዳይስ አለው፦ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ገጽ አንድ አንድ፣ ባለ 10 ገጽ ደግሞ ሁለት። በባለ 20ው ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። ጎልማሳው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሎተሪ በሚቆርጡ የሥራ ባልደረቦቹ ላይ ሲያፌዝ የኖረው በዚሁ ስሌት ነው። ዳይስ በእጁ በገባ በሁለተኛው ወር ግን ደጋግሞ 1 ያመጣበትን ለይቶ ጣሳ ውስጥ ሲያስርና ምትኩን ከብረት የተሠራ ሲያዝ ይገኛል። የታሰረው ዳይስ ተጸጽቶ እንደሆነም በየሳምንቱ ያጣራል።

ቀጥሎ ገጸ ባሕርይ ይፈጠራል፤ የሚፈጠረውም ቅጽ በመሙላት ነው። ለስድስቱ ተሰጥዎች፣ ማለትም ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለጤንነት፣ ለዕውቀት፣ ለጥበብና ለግርማ ሞገስ፣ መጽሐፉ ለማከፋፈል የሚያቀርባቸው ቁጥሮች 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 ናቸው። ስምንቷ የግድ አንድ ቦታ መውደቅ አለባት። ጎልማሳው ብዙ ካሰበ በኋላ ጥበብ ላይ ያሳርፋታል፤ እስካሁን ካወጣው ገንዘብ ጋር የሚስማማ ውሳኔ ነው። ዘር ሲመርጥም ስለ ዕድሜ የሚናገረውን አንቀጽ በጥሞና ያነባል። ኤልፍ የተባለው ወገን ለአካለ መጠን ደረሰ የሚባለው በ100 ዓመቱ ግድም ሲሆን እስከ 750 ዓመት ይኖራል፤ ድዋርፍ የተባለው አጭሩ ወገን ደግሞ 50 እስኪሞላው ድረስ ገና ወጣት ነው። ከሐኪም ቤት «በእርስዎ ዕድሜ» የሚለውን ምክር ሰምቶ የወጣ የ49 ዓመት ሰው ድዋርፍ ሆኖ ለመመዝገብ የሚጣደፍበት ምክንያት ከዚህ ሌላ አይፈለግም።

ቅጹ ጠባይንም ይጠይቃል። በአንድ በኩል ሥርዓት አክባሪ፣ ገለልተኛና ሥርዓት አልባ፣ በሌላ በኩል ደግ፣ ገለልተኛና ክፉ የሚሉት ተጋብተው ዘጠኝ ዓይነት ጠባይ ይሰጣሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በባዶ መንገድ ላይ ቀይ መብራት እስኪለቀው የሚጠብቅ፣ ግብሩን ከቀነ ገደቡ በፊት የሚያስገባ ሰው ሳያመነታ ሥርዓት አልባ የሚለውን ይመርጣል። ይህ አመጸኛ ቅጹን የሚሞላው በእርሳስ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት፣ ከሁለት ቅጂ ጋር ነው።

ወደ ዋሻው ከመገባቱ በፊት ንብረት ይቆጠራል። ገጸ ባሕርይው ሊሸከም የሚችለው የጉልበት ነጥቡ በ15 ተባዝቶ በፓውንድ ነው። 50 ጫማ የቃጫ ገመድ 10 ፓውንድ ይመዝናል፤ 50 የወርቅ ሳንቲም 1 ፓውንድ ነው፤ አንድ ችቦ ለ1 ሰዓት ያበራል። ስለዚህ ሀብት ፍለጋ የወጣ ጀግና ሀብቱን ባገኘ ጊዜ የመጀመሪያ ተግባሩ መደመርና ማባዛት ነው፤ ገመዱን ጥሎ ወርቁን ይያዝ ወይስ ወርቁን ትቶ በገመዱ ይውጣ? ልጆች የሚጫወቱባቸው ጠረጴዛዎች ይህን ደንብ ብዙ ጊዜ ዘለውት ያልፋሉ። ጎልማሳው ግን ለዚሁ ሲል በኮምፒውተሩ ላይ ሒሳብ ራሱ የሚሠራ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ በመሥሪያ ቤቱ ይህንኑ ሲታዘዝ ሦስት ቀን ያማርር የነበረው እሱ ነው፤ ያውም በደመወዝ።

ጨዋታው ምን መምሰል እንዳለበት ጀማሪው አስቀድሞ ያውቃል፤ ሌሎች ሲጫወቱ አይቷልና። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው ክሪቲካል ሮል የተሰኘ ትርኢት ኑሯቸው በድምፅ ትወና የሆነ ባለሙያዎች ሲጫወቱ የሚታይበት ነው፤ የመጀመሪያው ዘመቻ ብቻ 115 ክፍል ሲኖረው፣ አንዱ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጀማሪው ይህን ጨርሶ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ሲቀርብ፣ የተቀመጡት አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ የመጋዘን ኃላፊና አንድ የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ናቸው። ሐኪሙ በጭራቅ ድምፅ ሲያጓራ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ ውጊያ ይጀመራል። በደንቡ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ አምስት ዙር የፈጀ ከባድ ጦርነት 30 ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። በጠረጴዛው ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ምክትል ርእሰ መምህሩ በገጽ ቁጥር እየጠቀሰ የሥርዓት ጥያቄ ያነሣል፣ የመጋዘን ኃላፊው ተቃውሞው እንዲመዘገብለት ይጠይቃል፣ መሪው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ሳምንት ያሳድራል። ካለፈው ክፍለ ጊዜ የተያዘ ማስታወሻም በንባብ ቀርቦ ይጸድቃል። ከስብሰባ ያመለጡ ሰዎች ናቸው።

መጽሐፉ ውስጥ ከተመዘገቡት ጭራቆች ሁሉ የሚከፋው ግን ያልተመዘገበው ነው፤ እሱም የአምስት ጎልማሶችን ነጻ ምሽት በአንድ ቀን ማገናኘት ነው። አንዱ የልጁን ውድድር ያያል፣ አንዱ ወገቡን ታሟል፣ አንዱ ለሚስቱ ቃል ገብቷል። ዕቁብ ቢሆን ገንዘብ አለበትና ዝናብም አያስቀረው፤ እዚህ ግን የሚደርሰው ዕጣ የምናብ ወርቅ ስለሆነ ሰበብ አይጠፋም። እናም በወር ሁለቴ የታሰበው ዘመቻ በሁለት ወር አንዴ ይሆናል፤ የተከበበው መንደር ነጻ አውጪዎቹ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ጠላቶቹን አስቀምጦ ይጠብቃል። የመንደሩን ነዋሪዎች ስም በቃሉ የሚያውቅ ዘማች የጎረቤቱን ስም ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ጎረቤቱ በመጽሐፉ አልተካተተም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ አንዳንድ ሃይማኖታዊ ቡድኖችና ወላጆች ይህን ጨዋታ የሰይጣን መግቢያ በር ነው ብለው ዘምተውበት ነበር። አሳታሚውም ነቀፋውን ለማብረድ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረው 2ኛ እትም አጋንንት የሚለውን መጠሪያ አውጥቶ በፈጠራ ስም ተካው። ያኔ የሰጉት ሰዎች የዛሬውን ጎልማሳ ጠረጴዛ ቢጎበኙ እፎይ ባሉ ነበር። ነፍስ ለማጥመድ የመጣ ርኩስ መንፈስ የቀስት ቆጠራው እስኪያልቅ ለመጠበቅ ትዕግሥት የለውም።

ሞት በጨዋታው ውስጥ አለ፤ ግን እንደ ቀሪው ሁሉ መፍትሔው በተመን ተቀምጧል። ከሞተ ከ10 ቀን ያልበለጠ ገጸ ባሕርይ፣ ተገቢው ደረጃ ያለው ካህንና 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ከተገኘ ይነሣል። ከባድ ቁስል ደግሞ አልማዝም አይጠይቅም፤ በ5ኛው እትም 8 ሰዓት ያረፈ ሰው የሕይወት ነጥቡ በሙሉ ይመለስለታል። ትራስ ቀይሮ በመተኛቱ ብቻ አንገቱ ለአራት ቀን አልዞር ያለው ጎልማሳ ይህን ሲያነብ ምንም አይጠራጠርም። በዘንዶው ያምናል፤ በአስማቱ ያምናል፤ ተኝቶ በደኅና መነሣትንም ከእነዚሁ ጋር ይደምረዋል።

የጨዋታው ፍጻሜ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ጨዋታ በተለመደው ትርጉም የሚያሸንፍም የሚሸነፍም እንደሌለ መመሪያው ራሱ ይገልጻል፤ ገጸ ባሕርይው ከ1ኛ ተነሥቶ እስከ 20ኛ ደረጃ ይወጣል እንጂ። ጎልማሳው ዓመታት ፈጅቶ፣ የሦስቱን መጻሕፍት ድንጋጌ አጥንቶ፣ ሌሎችን ለማረም በሚያበቃው ዕውቀት ላይ ሲደርስ እ.ኤ.አ. 2024 ይገባል። ጨዋታው 50 ዓመት ሞላው፤ ለበዓሉም የተሻሻለ የተጫዋች መመሪያ ታተመ፤ 384 ገጽ ነው። የቀድሞው ደንብ ከፊሉ ተለውጧል፤ መደርደሪያውም ቦታ ይፈልጋል። በቅጹ ላይ ያለው ድዋርፍ ከዓመታት ልፋት በኋላ 20ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን ዘወትር 1ኛ ደረጃ ላይ ነው።