ፍሬን የያዘው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ክሩዝ፣ ማለትም ነጂው የመረጠለትን ፍጥነት ራሱ ይዞ የሚቆይ መሣሪያ፣ ያለው መኪና መያዝ ሽንብራ ማሳ ላይ ጀልባ እንደ መያዝ ነው። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ፍጥነቱን ሳያዛንፍ የሚሄድ ነገር ቢኖር መጨናነቁ ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪናዬ ክሩዝ አልሠራ ሲል ለጓደኞቼ ብነግራቸው የሚያዝንልኝ ጠፋ። አንደኛው እንዲያውም «እንኳን ተገላገልክ፣ አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነሰልህ» አለኝ።

እነሱ አማቴን ናዝሬት አድርሰው አያውቁማ። (አዳማ ብዬ ባርማቸው እሳቸው እኔን መልሰው ያርሙኛል።) እማማ ከፊት ወንበር ሲቀመጡ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ሳይሆን የፍጥነት መለኪያው ላይ ነው። መርፌዋ ከ100 ዘለል ስትል «በስመ አብ!» ይላሉ፤ ወረድ ስትል ደግሞ «አመመህ እንዴ ልጄ?» በ2007 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የፍጥነት መንገድ ላይ ታዲያ መፍትሔ ነበረኝ። ቱሉ ዲምቱን አልፌ መንገዱ ሲከፈትልኝ ክሩዙን 100 ላይ አስይዘውና እግሬን አሳርፋለሁ። ምስጢሩን ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም። ለልጃቸው «ባልሽ እግሩ የተባረከ ነው» ሲሉ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ አማት በስንት ጊዜ አንዴ ስታመሰግን ማን ያቋርጣል?

ክሩዝን የፈለሰፈው ሰው የእማማ ነገር ይገባው ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር በልጅነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። ጠበቃው እየነዳ ሲወስደው፣ ጠበቃው ሲያወራ መኪናዋ ትዘገያለች፣ ሲያዳምጥ ትፈጥናለች፤ ማየት የተሳነው ቲተር ወንበሩ ላይ ወደፊትና ወደኋላ መናጥ ሲሰለቸው ነው ነገሩን ያሰበው ይባላል። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ በ1958 ሞዴል ኢምፔሪያል መኪኖች ላይ ክራይዝለር ገጠመው። የባለቤቴ ወንድም ነድቶት ቢሆን ኖሮ ከዚያም ቀድሞ ይፈለስፈው ነበር። እሱ ስለ አርሴናል ማውራት ከጀመረ ጋሪ ይቀድመዋል።

ወደ ብልሽቱ ልመለስ። ዋናውን ቁልፍ ስጫን ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። ፍጥነቱን እንዲይዝ ስጫነው ግን ዝም። መኪናዋ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። እማማን ባደረስኩበት እሑድ እግሬ ብቻውን ቀረና መርፌዋ ስትወጣና ስትወርድ ዋለች፤ ማታ እማማ ለልጃቸው ደውለው «ተጣልታችኋል እንዴ? አነዳዱ ልክ አይደለም» ብለው ጠየቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ከታመመ ሐኪም አይጠፋም። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ባትሪውን ነቅዬ እንዳሳድረው አዘዘኝ። ጎረቤቴ ፊውዝ ነው ብሎ ማለ። የሄድኩበት ጋራዥ ደግሞ ማሽኑን ሰካ፣ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና መርዶ በሚነገርበት ድምፅ «ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ።

«ኮድ አሳየ?»

«ምንም አላሳየም።»

«ታዲያ በምን አወቅክ?»

«ኮዱን የሚናገረው ኮምፒውተሩ አይደል? እሱ ራሱ ከታመመ ማን ይናገር!»

እንዲህ ያለ አመክንዮ ፊት ምን ይባላል? ዋጋውን ሲነግረኝ ክሩዙ ብቻ ሳይሆን መኪናዋም የማታስፈልገኝ መሰለኝና አመስግኜ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን መኪናዋ ሌላም ሌላም ዓመል አምጥታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባትሪዋ ሞቶ ስለሚያድር ከጎረቤት በኬብል እለምናለሁ። ማርሹ ፍሬን ሳልረግጥ ከ«ፒ» ወደ «ዲ» ይገባል። ከኋላዬ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ረጅም መብራት ያበራብኛል፤ እማማ ይህን «ሰው ያውቅሃል» ብለው ተርጉመውታል። ከመሪው ሥር ምንጣፉ ላይ ደግሞ የጠቆረ ስብርባሪ ይገኛል፤ ባለቤቴ የቆሎ ፍርፋሪ ነው ብላ ልጆቹን ተቆጥታለች። እነሱም አልበላንም ብለው ያለቅሳሉ።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያገናኘው ጎልማሳ እንኳ ያልሆነ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ኮፈኑን አልከፈተም፤ ማሽንም አላወጣም። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ወደ ኋላ ዞሮ ቆመ።

«ጋሼ፣ እግርዎትን ከፍሬን ላይ ያንሱ።»

«አንስቻለሁ።»

«ኧረ በደንብ ያንሱት!»

ቀና ብሎ ሲያይ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። የፍሬን መብራቶቹ ግን ሁለቱም ቦግ ብለው በርተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አንድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ጫፉ ላይ እንደ እስክሪብቶ ቁልፍ ገባ ወጣ የሚል ዘንግ አለው። ፔዳሉ ቦታው ላይ ሲሆን ዘንጉን ይጫነዋል፣ መብራቱ ይጠፋል። ሲረገጥ ዘንጉ ይለቀቃል፣ መብራቱ ይበራል፤ ክሩዙም ወዲያው ፍጥነቱን ይለቃል። ዘንጉ የሚያርፍበት ግን ብረቱ አይደለም፤ ብረቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ የምትደፍን ጣት ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ ናት። እሷ በዕድሜ ብዛት ደርቃ ስትፈረፈር ዘንጉ በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሌት ተቀን ፍሬን ተይዟል ብላ ነው የምታምነው። ማታ ስተኛ ፍሬን ይዤ ነው፣ ቱሉ ዲምቱን ሳልፍ ፍሬን ይዤ ነው። ፍሬን የያዘ ሰው ክሩዝ ቢጠይቅ ማን ይሰጠዋል?

ልጁ ጎንበስ ብሎ ከምንጣፉ ላይ አንዷን «ቆሎ» አነሳና በጣቱ ሲጫናት ዱቄት ሆነች። ልጆቼ ነፃ ወጡ፤ ካሳ ብለው አይስክሬም አስከፈሉኝ።

ፕላስቲኳን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ባለሱቁ የነገርኩትን በትዕግሥት ሰማኝና ሙሉ ፔዳል ከነእግሩ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። «እሷ ብቻዋን አትሸጥም፤ ከፈለግህ ይህን ገዝተህ እሷን ነቅለህ ውሰድ።» ተመልሼ ለልጁ ብነግረው ሳቀ። ከቆርቆሮ ውስጥ ጠፍጣፋ አናት ያላት ብሎን መርጦ በቀዳዳው አስገባት፤ በዳዶ ጥብቅ አደረጋት። የፍሬን መብራቱ ጠፋ። እግሬን ሳሳርፍበት በራ፣ ሳነሳ ጠፋ። ዋናዋ ፕላስቲክ እስክትገኝ ይኸው በብሎን እየሄድን ነው።

ክሩዙ መዳኑን ግን ሰፈር ውስጥ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ 40 ሳይደርሱ እሺ አይልም፣ እኛ መንገድ ላይ 40 የደረሰ ሰው የለም። እሑድ እማማን ይዘን ወጣን። 100 ላይ ያዝኩት፣ ያዘ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። እማማም «አሁን ታረቃችሁ ማለት ነው» ብለው ደስ ሲላቸው፣ ባለቤቴ አላስችል ብሏት ከኋላ ወንበር ምስጢሩን ዘከዘከችው፤ እግሩ አይደለም፣ መኪናው ራሱ ነው አለቻቸው። እማማ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩት። ከዚያ ደብረ ዘይትን አልፈን፣ ሞጆን አልፈን ቃል አልተነፈሱም።

አዳማ መውጫ ላይ ክፍያ ጣቢያው ደርሰን እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው እንጂ! እሱ አይደል እንዴ የነዳው? እሱ ይክፈላ!»