ወጥን በስልክ የማበላሸት ጥበብ

ዶሮ ወጥን ማበላሸት ድሮ ድካም ነበረው። ሽንኩርቱን ማሳረር፣ በርበሬውን ጥሬውን መተው፣ ጨውን ሁለት ጊዜ መጨመር ይጠይቃል። ያም ሆኖ የሚበላሸው የአንድ ቤት ምሳ ብቻ ነው። ዛሬ ግን አንድ ስልክ፣ አንድ መቆሚያና አንድ ክብ መብራት ያለው ሰው ከአዳማ እስከ ሲያትል የተጣደውን ድስት ሁሉ በአንድ ቪዲዮ ማበላሸት ይችላል። ሙያው ብዙ ባለሙያዎች አፍርቷል። ገና ለሚጀምር ሰው መንገዱ የሚከተለው ነው።

በሰላምታ ይጀምር። አጭር ሰላምታ ዋጋ የለውም። «ሰላም ሰላም ውድ የቻናሌ ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ይባል፤ ሰብስክራይብ ይለመን፤ ደወሏ ትጠቆም፤ ላለፈው ቪዲዮ ምስጋና ይቅረብ፤ ድምፁ ጥሩ ስላልሆነ ይቅርታ ይጠየቅ። ሽንኩርቱ ወደ 4ኛው ደቂቃ ገደማ ብቅ ይበል። ተመልካቿ ድስቷን ጥዳ እየጠበቀች ከሆነ ትጠብቅ።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን ቁሌቱ ላይ ነው። የሠለጠነው ሰው ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ሲገለብጥ ያሳያል፣ ማማሰያውን ሁለት ጊዜ ያዞራል፣ ከዚያ ምስሉን ይቆርጠዋል። ቀጥሎ የሚታየው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቅባቱን የተፋ ቁሌት ነው። ከላዩ ላይ «ከ15 ደቂቃ በኋላ» ተብሎ ይጻፋል። 15 የምትለው ቁጥር ጥሩ ናት፤ ተመልካች አታስበረግግም። የበለጠ ደፋር የሆነ 10 ይበል።

ሽንኩርት ከመቶ 89 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። ያ ውኃ እስኪያልቅ ድረስ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ያለ ዘይት የተጣደ ሽንኩርት መጀመሪያ ውኃውን አውጥቶ ይንተከተካል። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ የድስቱን ሥር መያዝ ይጀምራል። ያኔ ጠብ የምትል የፈላ ውኃ ይጨመርለታል፣ ይማሰላል፣ እንደገና ይይዛል፣ እንደገና ጠብታ ይጨመራል። ነጩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ሲያደላ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይጠፋና ጣፋጭ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ዘይቱና በርበሬው ገብቶ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ሌላ ረጅም መቆም አለ። ለአንድ ዶሮ ወደ 2 ኪሎ ሽንኩርት በሚከተፍበት ቤት ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ ሁለት ሰዓት የሚቆሙም ብዙ ናቸው።

ተቆርጦ የተጣለው ምስል ትምህርቱ ነበር። የያዘበትን ድስት፣ የጠብታውን መጠን፣ የቀለሙን ለውጥ ያላየ ሰው ከዚያ ቪዲዮ ያገኘው ምኞት ብቻ ነው።

በዚህ ውሸት ላይ አማርኛ ተናጋሪ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶም ስኮካ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ስሌት በተሰኘው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ የምግብ አሠራር ጸሐፊዎችን በዚሁ ጉዳይ ወቀሰ። ሽንኩርት በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ቡናማ ይሆናል እያሉ አንባቢን እንደሚያታልሉ ጻፈ። ራሱ ምድጃ ላይ ቆሞ ሞከረው። እሳቱን አብዝቶ፣ ያለ ዕረፍት እያማሰለ 28 ደቂቃ ፈጀበት፤ ተረጋግቶ ለሚሠራ ሰው ደግሞ 45 ደቂቃ እንደሚወስድ አስታወቀ። ጽሑፉ ተነበበ፣ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ጉግልን «ሽንኩርት ቡናማ ለመሆን ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከላይ በትልቁ የሚመጣለት መልስ 5 ደቂቃ ያህል የሚል ነበር። መልሱ የተቀዳው ከዚያው ከስኮካ ጽሑፍ ነው፤ ውሸት መሆኑን ለማሳየት የጠቀሰውን ዐረፍተ ነገር ማሽኑ እንደ እውነት መዝዞ አወጣው። በግንቦት 2024 ደግሞ ይኸው ኩባንያ የለቀቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ሰጪ፣ አይብ ከፒዛ ላይ እንዳይንሸራተት ሶሱ ውስጥ ሙጫ ጨምሩ ብሎ መከረ። ምንጩ አንድ ሰው ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ሬዲት ላይ ለቀልድ የጻፈው አስተያየት ነበር። እንግዲህ «ከ15 ደቂቃ በኋላ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ጽሑፉ ነገ የት ተቀድቶ ማንን እንደሚያስተምር አያውቅም።

ወደ መመሪያው እንመለስ። ልክ መናገር ነውር ነው። «ትንሽ በርበሬ»፣ «ቅቤ እንደ አቅማችሁ»፣ «ውኃ የሚበቃውን ያህል»፣ «ጨው እንደ ፍላጎታችሁ» ይበቃል። መለኪያ የግድ ካስፈለገ «በዚች ኩባያዬ ሁለት» ይባል፤ ኩባያዋ የቡና ሲኒ ትሁን የሻይ ብርጭቆ አይነገር። የሽንኩርቱ ብዛት «አምስት ራስ» ይሁን፤ አንዱ ራስ የሎሚ ያክል፣ ሌላው የብርቱካን ያክል መሆኑ ለተመልካች ይተው። የሚጠይቅ ከመጣ «ሙያ በልብ ነው» ተብሎ ይመለስ። ይህ መልስ ጥያቄውንም ጠያቂዋንም ዝም ያሰኛል።

እናቶች እኮ አይለኩም ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይለኩም። ግን ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ እፍኛቸውን ታይ ነበር። «አሁን ይበቃል» ሲሉ ትሰማለች፤ ጭልፋውን ነጥቀው «እንዲህ ነው» ይሏታል፤ ስታሳርር ይቆጧታል፣ ከዚያም ያረረውን እንዴት እንደሚያድኑት ያሳዩአታል። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጀመሪያ ክረምቱን የሚያሳልፍ ወጣት፣ ቴል አቪቭ ተወልዳ የአያቷን ወጥ የምትፈልግ ተማሪ አጠገባቸው ስልክ እንጂ እናት የለም። ለእነርሱ «ትንሽ» ምንም ማለት አይደለም። የሪያዷ ልጅ በደሞዟ የገዛችው ዶሮና ከአገር ቤት በሻንጣ የተላከላት በርበሬ አንድ ላይ ሲበላሽ ልጅቱ ጥፋቱን የምታደርገው በራሷ ላይ ነው። «እኔ ሙያ የለኝም» ብላ ትተወዋለች። ሰው እንዴት ይህን አይቶ ዝም ብሎ «ትንሽ» ይላል? ሚዛን የሌለው ቤት እንኳ የበርበሬ ማንኪያ አለው!

ብልት ማውጣት አይታይ። ዶሮው ከመጀመሪያው ምስል ጀምሮ ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ ሳህን ላይ ይቅረብ። መገጣጠሚያው የት እንደሚገኝ፣ ፈረሰኛው እንዴት እንደሚወጣ፣ መላላጫው ከታፋው በየት እንደሚለይ ማየት የፈለገች ተመልካች ደረቱን በኩብ ትቁረጠው። 12ቱን ብልት በአንድ ቪዲዮ፣ ቢላዋውን ቀርቦ እያሳየ ያስተማረ ሰው ከየትኛውም ክብ መብራት በላይ ለወጡ ውለታ ይውላል፤ በዚህ መመሪያ ግን ቦታ የለውም።

እንጀራ በአንድ ሰዓት ይድረስ። የስንዴ ዱቄት፣ የጋዝ ውኃ፣ የዳቦ ማስነሻ ዱቄት ይበጥበጥና የማይዝ መጥበሻ ላይ ይፍሰስ። «ዓይኑን እዩልኝ!» ተብሎ ካሜራው ይጠጋ። ዓይን ከየት እንደሚመጣ አይነገር። ሊጡ ለቀናት ሲቦካ እርሾው የሚያወጣው አየር ነው ዓይኑን የሚሠራው። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በፈላ ውኃ የሚበስለው አብሲት ደግሞ ሊጡን አወፍሮ አየሩን ይይዝለታል፤ ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውምና ያለዚህ አይሆንለትም። ኮምጣጣው ጣዕምም የሚመጣው ከእነዚያው ቀናት ነው። በቀዝቃዛ አገር ሊጥ ቶሎ እንደማይቦካ፣ ጤፍ ውድ እንደሆነ፣ ምጣድ በየቤቱ እንደሌለ የታወቀ ነው። በችግር ምክንያት የሚጋገረው የስንዴ ቂጣ ርሃብ ያስታግሳል፤ ማንም አያፍርበት። ብቻ እንጀራ ተብሎ አይሸጥ፣ አይለጠፍ።

ዓርብ ቀን ክትፎ መለጠፍም አይረሳ። «የጾም» ተብሎ ቅቤ መጨመርም እንዲሁ።

የራሱ ወጥ ቤት የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ የሰው ቪዲዮ አለ። ስሟ የተጻፈበትን ጥግ ቆርጦ ይጣል። ምስሉን ግራና ቀኝ ይገልብጥ፤ በስልክ ላይ የምትታየው ሴት ሁሉ በግራ እጇ የምታማስለው ለዚህ ነው። ድምፅዋን አጥፍቶ ሙዚቃ ይጫንበት፣ ወይም በማሽን ድምፅ ያስነብበው። ምስጋና የግድ ከሆነ «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ብሎ ይጻፍ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ዛላ አይቀነጥስም፣ ግን አይከራከርም። በዚያ ቪዲዮ ላይ ያለችው ሴት ዛላውን ለቅማ፣ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ደልዛ፣ እንደገና አስጥታ፣ ኮረሪማውንና አዝሙዱን አምሳ ለማስፈጨት የፈጀችው ቀን በ30 ሰከንድ የሌላ ሰው ሙያ ይሆናል።

ነገሩ የሚያሳዝነው ስርቆት ሲደርስብን ምን እንደሚሰማን ስለምናውቅ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት ላይ የፓተንት መብት ሲያገኝ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተቆጣ። ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በኔዘርላንድ ሲሽረው ደግሞ ተደሰተ። በዚያው ስልክ ላይ፣ በዚያው ምሽት፣ የአንዲት የደሴ ሴት ስም ቆርጦ በርበሬዋን መለጠፍ እንዴት ይቻላል? አያቶቻችን በጋራ ያቆዩት ሙያ የጋራ ነው፤ የቀረጸችው፣ የደከመችበትና ያስረዳችበት ቪዲዮ ግን የእርሷ ነው።

ሌላው ተወዳጅ ዘዴ መድኃኒት ማድረግ ነው። ወጥ ጣፍጦ ብቻ መቅረት የለበትም። ትልባው ስኳር ያጥፋ፣ ጥቁር አዝሙዱ ዕጢ ያሟሟ፣ ዝንጅብሉ በ3 ቀን ቦርጭ ያውርድ። «ሐኪሞች የደበቁት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይጨመርበት። እዚህ ላይ ግን መመሪያው ይቁም። ይህን አይቶ የስኳር ኪኒኑን የሚተው ሰው አለ፤ በየቤተሰቡ አለ። ትልባ ምግብ ነው፣ ጥሩ ምግብ ነው። የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። ለእይታ ብዛት ተብሎ የሰው ዕድሜ ላይ መጫወት ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እንደዚሁ የሚያስቆጣ አንድ ጉዳይ አለ። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ፣ ዘይት አልብሶ፣ በጠርሙስ ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ «ለወራት አይበላሽም» እየተባለ ይለጠፋል። ዘይቱ አየር ይከለክላል፤ አየር በሌለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ነገር ውስጥ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያመጣ መርዝ የሚያመርተው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር ፍሪጅ ውስጥ ባልተቀመጠ እንዲህ ያለ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎች ታመሙ። በ1989 ኒው ዮርክ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ከታመሙ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አምራቾቹ አሲድ እንዲጨምሩበት አዘዘ። ቤት ውስጥ የተዘጋጀው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በ4 ቀን ውስጥ ይለቅ፤ ለወራት የሚፈለገው በትንንሽ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይግባ።

ተመልካችም የራሱ ድርሻ አለው። ቅቤውን በዘይት፣ በርበሬውን በፓፕሪካ፣ ዶሮውን በቋሊማ ቀይሮ፣ ግማሽ ሰዓት አብስሎ፣ «ሞከርኩት፣ አልጣፈጠም» ብሎ ይጻፍ። ሙሉ ልኩን የጻፈች፣ ድስቱን ሳትቆርጥ ያሳየች፣ «ይህን ያስተማሩኝ አክስቴ ናቸው» ያለች ሴት ቪዲዮ ሲመጣ ደግሞ ረዘመ ብሎ ይለፈው። በዚህ ዓይነት እርሷም በሚቀጥለው ወር «ከ15 ደቂቃ በኋላ» ትላለች።

የምትቀርጹ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰላምታውን አሳጥሩና ቁሌቱን አርዝሙ። ከቪዲዮው ሥር ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስንት ሰዓት ምድጃ ላይ፣ ከማን እንደተማራችሁት። የሚቀጥለው ዓመት በዓል ዋዜማ ላይ አንዲት ልጅ፣ ከቤቷ ርቃ፣ አንድ ዶሮና አንድ ላስቲክ በርበሬ ይዛ እነዚያን ሦስት መስመሮች ትፈልጋለች።