ፓርኪንግ አለኝ በሰማይ

«ይህ ፈቃድ ቦታ ለማግኘትዎ ዋስትና አይሆንም» ይላሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ብሩን ከተቀበሉ በኋላ። ጥሩ ነው። እኛስ ታዲያ «ይህ ቼክ ገንዘብ ለማግኘትዎ ዋስትና አይሆንም» ብለን ጽፈን ብንሰጣቸው ምን ይሉን ይሆን? ያገራችን ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲል ቢያንስ ላሚቱን በየሰሚስተሩ እየከፈለ አላሳደሰም።

«ሁሉም ተማሪ ባንድ ጊዜ ስለማይመጣ ነው ከቦታው በላይ ፈቃድ የምንሸጠው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ባንድ ጊዜ አይመጣም፤ ግማሹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ክላስ አለው፣ ግማሹ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ላይ። ሰዓቱን ያወጣው ሬጅስትራር፣ ፈቃዱን የሸጠው ፓርኪንግ ቢሮ፤ የሁለቱም ደመወዝ ካንድ ካዝና። ቡና ላይ እንኳ አይገናኙም?

ቦታውም በማዕረግ ነው። አንዱ ቀለም ለዲን፣ አንዱ ለፕሮፌሰር፣ የተማሪው ግን ሌላ ዚፕ ኮድ ውስጥ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ክላርክ ከር በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዘመናዊውን ዩኒቨርሲቲ አንድ አድርጎ የያዘው የመምህራኑ የጋራ የፓርኪንግ ብሶት ነው የምትል ተረብ ጣል አድርገው ነበር። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የተማሪውንስ ማን ያንሳው? ፕሮፌሰሩ ሲበሳጭ መጽሐፍ ይጻፍለታል፤ ተማሪው ሲበሳጭ ቲኬት ይጻፍበታል።

በርክሌይ ካምፓስ ውስጥማ «ኤን ኤል» የሚል ምልክት የቆመባቸው ቦታዎች አሉ፤ ለኖቤል ሎሬቶች ብቻ የተጠበቁ። ልጅ «እማዬ፣ በርክሌይ ገባሁ፤ መኪና ግዢልኝ» ብትል የእናት መልስ አጭር ነው፦ «እሰይ የኔ ልጅ! መጀመሪያ ኖቤሉን ይዘሽ ነይ፣ የመኪናው አይቸግርም።»

«ዩኒቨርሲቲ ለኅብረተሰቡ መፍትሔ ያፈልቃል» ይባላል። ያፈልቃል እንጂ! የኦክላሆማ ሲቲ ነጋዴዎች መኪና ቀኑን ሙሉ እየተገተረ ገበያ ዘጋብን ብለው ሲያማርሩ፣ ካርል መጊ የተባለው ጋዜጠኛ ችግሩን ይዞ የሄደው ወደ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ፣ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። የኢንጂነሪንግ መምህሩ ሆልገር ቱሰንና የኮሌጁ ምሩቅ ጄራልድ ሄል ሳንቲም የሚውጠውን ቆጣሪ ሠሩለት። በጁላይ 1935 መንገድ ዳር ተተከለ፤ ዋጋው በሰዓት አምስት ሳንቲም። ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች አንዱ ሬቨረንድ ኖርዝ የሚባሉ ፓስተር ነበሩ፤ ሳንቲም ልዘረዝር ሱቅ ገብቼ ነው ብለው ነፃ እንደወጡ ይነገራል። ዛሬ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ያችም ሰበብ ተወስዳለች። እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ ቆጣሪው ካምፓስ ውስጥ ቢያሳድድህ አትደነቅ። እሱ የተወለደው እዚያው ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ።

«የፓርኪንጉ ገቢ ተመልሶ ለትምህርት ነው የሚውለው» የሚሉም አሉ። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2012 ፓርኪንጉን ለ50 ዓመት በ483 ሚሊዮን ዶላር አከራየ፤ ከተከራዩ ኩባንያ ጀርባ ያለው የአውስትራሊያ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። ብሩም ስኮላርሺፕና የመምህራን ቅጥር ወደሚደግፍ ቋሚ ፈንድ ገባ። ደግ አደረጉ፤ በቀኝ እጅ ስኮላርሺፕ ሰጥቶ በግራ እጅ ፓርኪንግ መቀበልም ሙያ ነው። ብቻ ዲግሪው በአራት ዓመት ሲያልቅ ውሉ የሚያልቀው በ2062 ነው። ያኔ የገባው ተማሪ የልጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ ኩባንያው «እንኳን ደህና መጡ፤ ታርጋዎ ስንት ነበር?» ይለዋል።

ይሄኔ አንድ አዋቂ ጉሮሮውን ይጠርግና «ነፃ ፓርኪንግ የሚባል ነገር የለም፤ እናንተ ካልከፈላችሁ መኪና የሌለው ይከፍልላችኋል» ይለናል። ልክ ነው፣ አንክድም። በ2025 ያረፉት የዩ ሲ ኤል ኤው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ በ2005 ከ700 ገጽ በላይ ጽፈው አስረድተውናል። እሳቸውስ ምን ላይ ያቆሙ ነበር? በብስክሌት ነበር የሚመላለሱት። ሊቅ ማለት እንዲህ ነው! ግን ትምህርታቸውን እስከ መጨረሻው እናንብበው። የፓርኪንግ ዋጋ እንደ ፈላጊው ብዛት ይውጣ ይውረድ፤ ልኩም ምንጊዜም አንድ ሁለት ክፍት ቦታ የሚያስተርፍ ይሁን ነው ያሉት። ካምፓሶቻችን «አስከፍሉ» የምትለዋን ገጽ ገንጥለው ወሰዱና «ቦታ ይገኝ» የምትለዋን ለቤተ መጻሕፍቱ ተዉለት። ተማሪ የፈተናውን ግማሽ ብቻ ቢመልስ ኤፍ ይሰጡታል። እነሱ ግማሹን መልሰው ሙሉ ዋጋ ይቀበላሉ።

ዱላው የሚያርፈው ደግሞ ዶርም ባለው ልጅ ላይ ሳይሆን ከሥራ ወደ ክላስ በሚሮጠው ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ፓርኪንግ» ብሎ የመለሰ ሐበሻ ስንትና ስንት ነው። ይህ ወንድማችን የሰው መኪና ሲያቆም ይውልና ማታ ኮሌጅ ሲደርስ የራሱን የሚያቆምበት ያጣል። አርፍዶ ሲገባ መምህሩ ይጠብቀዋል።

— ቀደም ብለህ ለምን አትመጣም?

— ቀደም ብዬ ከመጣሁ የፓርኪንጉን ማን ሠርቶ ይክፈልልኝ?

— ሌሎቹ እንዴት ቻሉ?

— ሌሎቹማ ያቆሙት እኔ ላቆምበት የነበረው ላይ ነው።

አትላንታ ያለው ወገናችን ደግሞ ከካሜራ ጋር ነው ጠቡ። ጆርጂያ ውስጥ ታርጋ የሚታሰረው ከኋላ ብቻ ስለሆነ፣ በካሜራ የሚቆጣጠር ካምፓስ በኋላ ማርሽ ገብቶ ማቆምን አይወድም። ሰውየው ከክላስ ሲወጣ መኪናው ላይ ቲኬት የሚያስቀምጠው ያገሩ ልጅ ሆኖ አገኘው እንበል።

— ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?

— ነኝ። ምን ልታዘዝ?

— እንግዲያው በእናትህ፣ ማረኝ።

— እኔስ በማርኩህ፤ ካሜራው ነው ሐበሻ ያልሆነው።

— ፈቃድ አለኝ እኮ!

— አለህ። ግን አዙረህ አቁመህ ታርጋህን ለግድግዳ አሳየኸው።

— ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

— እዚህ የሚነበበው ጀርባህ ነው ጌታዬ፤ ፊትህን ማን ፈለገው?

ርኅሩኆችም አልጠፉም። የአላስካ ዩኒቨርሲቲ የአንከሬጅ ካምፓስ የፓርኪንግ ቅጣትን በኦቾሎኒ ቅቤና በማርማላታ የተቀበለበት ጊዜ አለ፤ ምግቡ ለተቸገሩ ተማሪዎች ነው። እግዜር ይስጣቸው። ግን የተቀጣው ራሱ የተቸገረው ተማሪ ከሆነስ? ማርማላታውን ባንዱ መስኮት አስረክቦ በሌላው ተሰልፎ ይቀበላል ማለት ነው። ነገሩ እዚህ ከደረሰ እኛም ዝግጁ ነን፦ ባንድ ኪሎ በርበሬ ስንት ቲኬት ይሰረዛል?

ሲጠቃለል፣ በነፃ ስጡን አላልንም፤ የሸጣችሁልንን አስረክቡን ነው ያልነው። መቶ ቦታ ካላችሁ መቶ ሃምሳ ሰው አታስከፍሉ። በሳምንት ሁለት ማታ የሚመጣውን የአምስት ቀን አትጠይቁት። የፉትቦል ጨዋታ ያለ ቀን «መኪናህን አንሳ» የምትሉት ተማሪ የዓመቱን ከፍሏልና፣ ላንድ ቀን ከመጣው ደጋፊ የተቀበላችሁትን አካፍሉት።

«አውቶቡስ አትይዙም?» እንይዛለን፤ ከማታው ክላስ በፊት የሚያልቀው አውቶቡሱ ካልሆነ።

«ካምፓስ እኮ የመማሪያ ቦታ እንጂ የመኪና ማቆሚያ አይደለም!» አፋችሁን ቁርጥ ያድርገው! እንግዲያውስ ቦታ ፍለጋ የዞርንበት ሰዓት ሁሉ ክሬዲት ይያዝልን። ይሄኔ ስንቶቻችን ማስተርሳችንን ይዘን ነበር።